ለቅዳሜው ስብሰባ፦ የክፍለ ጊዜ መክፈቻና መዝጊያ

ሰላም መምህራን፣

የፊታችን ቅዳሜ የምንገናኘው፣ ክፍለ ጊዜን በምን እንደምንከፍትና እንደምንዘጋ ልምድ ለመለዋወጥ ነው። ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 5:00፤ ገበያ የምትወጡም ትደርሳላችሁ።

እያንዳንዳችሁ ክፍል ውስጥ የሞከራችሁትን አንድ መክፈቻ ወይም መዝጊያ ይዛችሁ ኑ። ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፤ ጠመኔና ቁራጭ ወረቀት ይብቃው። ፕሮጀክተር የሚጠይቅ ሐሳብ ይቅርብን፣ የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ።

ለመክፈቻ እንቆቅልሽን የሚያህል የለም። «ምን አውቅልህ» የማይል ተማሪ የት አለ? ያልመለሰም አገር ይሰጣል። ለባዮሎጂ፦ «ቀን በብርሃን ምግብ ይሠራል፣ እሳት አያነድም»፤ መልሱ ቅጠል።

መዝጊያ ላይ ግን ደካሞች ነን፤ ብዙዎቻችንን የሚያስቆመን ደወሉ ነው። የመውጫ ወረቀት ሞክሩ፦ ተማሪው የገባውን አንድ ነገርና ያልገባውን አንድ ጥያቄ፣ ስም ሳይጽፍ፣ በር ላይ ይሰጣችኋል። ክፍሉ ከበዛባችሁ በቀን የአንድ ረድፍ ተማሪዎች ብቻ ይጻፉ።

የምትመጡ፣ ከምታቀርቡት ጋር እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። የሒሳብ መምህራን፣ እናንተን በተለይ እንጠብቃለን።