ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ የሃንግዡ ሀይቅ ጭቃ

ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ሻንጋይ የምማር አንባቢያችሁ ነኝ። ቻይና በተነሳ ቁጥር የምታወጡት ፎቅ፣ ፋብሪካና ፈጣን ባቡር ነው፣ ውሸት ነው አልልም እኔም የሄድኩት በባቡሩ ነው፣ ግን መጋቢት አጋማሽ ላይ ቅዳሜና እሁድን ሃንግዡ ከተማ አሳልፌ ሌላ ነገር ስላየሁ ቦታ ካላችሁ ይቺን አውጡልኝ። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ እንዳንወዛገብ።)

ከሻንጋይ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ትኬት በፓስፖርት ትቆርጣላችሁ፣ ስለ ባቡሩ ይሄው በቃ።

ሀይቁ ሲ ሁ ይባላል፣ የምዕራብ ሀይቅ ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እንዳትሄዱ! «የተሰበረው ድልድይ» የሚሉት አለ (አልተሰበረም፣ ድንቅ አድርጎ ቆሟል)፣ እሱ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ እኔ ሀይቅ ላይ ሄጄ የሰው ማጅራት ሳይ አመሸሁ። የሀይቁ ዙሪያ መናፈሻ ደሞ ከ2002 ጀምሮ በነፃ ነው፣ ስለዚ የከተማው ሰውም እንግዳውም እዛው ነው።

እሁድ ግን ሊነጋጋ ሲል ወጣሁና ያው ሌላ ቦታ የመጣሁ መሰለኝ። በሀይቁ መሃል የሚያልፍ 2.8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ከአፈር ተከምሮ የተሰራ መንገድ አለ፣ 6 ድልድይ አለው፣ ግራና ቀኙ አንድ አኻያ አንድ ኮክ እየተባለ ተተክሎ ኮኩ ያኔ አብቦ ነበር። እኔ ይሄን ሁሉ የተፈጥሮ ፀጋ ብዬ ሳደንቅ ለካ የምረግጠው ጭቃ ነው። በ1089 ሱ ዶንግፖ የሚባል ገጣሚ ለከተማው ገዢ ሆኖ ሲመጣ ሀይቁን አረምና ደለል እየዋጠው ነበር፣ ለንጉሡ ደብዳቤ ፅፎ ገንዘብ ለመነ፣ ደለሉን አስወጣ፣ የወጣው ጭቃ የት ይጣል ሲባል ከደቡብ እስከ ሰሜን ከምሮ መንገድ አደረገው። ዩኔስኮም በ2011 ሲመዘግበው እንደ ተፈጥሮ ቅርስ ሳይሆን እንደ ባህላዊ ነው፣ ገባኝ። ጥልቀቱ በአማካይ ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ዛሬም ከቺያንታንግ ወንዝ ተጣርቶ ውሃ ይገባለታል፣ ዝም ብለው ቢተዉት ረግረግ ይሆን ነበር።

በተቃራኒው ሀይቁ ዳር ያለው ሌፌንግ የሚባለው ግንብ ከ900 ዓመት በላይ ቆሞ በ1924 ተናደ፣ አንዱ ምክንያት ጡቡ እድል ያመጣል፣ መድኃኒት ነው እያለ ሰው አንድ አንድ እየመዘዘ መውሰዱ ነው። በ2002 አዲስ ሰሩ፣ መወጣጫው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ደረጃ ነው ሃሃ፣ እኔ አልወደድኩትም፣ የድሮው ፍርስራሽ ግን ከስር በመስታወት ተከልሎ ይታያል፣ ለሱ ሲባል ግቡ።

ወደዛ የሀይቁ መሃል መንገድ ስመለስ፣ እዛ ላይ አንድ ሽማግሌ ቁመቱን የሚያህል ጫፉ ስፖንጅ የሆነ ብሩሽ ባልዲ ውስጥ እየነከረ ንጣፉ ላይ በውሃ ይፅፋል፣ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ደርቆ ጠፍቷል፣ እሱ ግን ቅር ሳይለው ተመልሶ እዛው ላይ ይጀምራል። ቻይንኛዬ የተማሪ ነው፣ ምንድነው የሚፅፉት አባባ አልኩት፣ ግጥም ነው አለና ለኔ ብሎ «ሀይቅ» የሚለውን ፊደል ፃፈልኝ፣ በግራ በኩል ያሉትን ሶስት ነጠብጣብ በብሩሹ እየጠቆመ ይቺ ውሃ ናት አለኝ። ፎቶ ላነሳ ስልኬን እስካወጣ ግማሹ ደረቀ።

ከዛ ሎንግጂንግ የሚባለው የሻይ መንደር ወጣሁ፣ ወቅቱ ነበር፣ ሰውየው በጋለ ብረት ድስት ውስጥ ባዶ እጁን ከቶ ቅጠሉን በመዳፉ እየተጫነ ያምሰዋል፣ ጠፍጣፋ የሚሆነው በዛ ነው። አያቃጥልም ወይ ስለው ሳቀ፣ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ነው። ዋጋውን ጠይቄ ቀምሼ ብቻ ወረድኩ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያው የሙታን መታሰቢያ በዓል በፊት የተለቀመው የተማሪ ኪስ አይችለውም።

ሀይቁ መሃል ሶስት ትናንሽ የድንጋይ ግንቦች አሉ፣ የቻይና ገንዘብ፣ አንድ ዩዋን ኖት ጀርባ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። ኖቷን ከነሱ ጋ አጋጥሜ ፎቶ ላነሳ ብዬ ለካ ማንም ብር አይዝም፣ ሁሉ ነገር በስልክ ነው። አራት ሰው ጠይቄ በመጨረሻ የሎተስ ስር ዱቄት የምትሸጥ እናት መሳቢያዋን ስትበረብር አንድ የተጨማደደች አገኘችልኝ፣ ዩዋኗን በስልክ ላኩላት፣ ለምን እንደፈለግኳት ስነግራት ኖቷን በጉልበቷ ላይ አስተካክላ ደልድላ ሰጠችኝ።

ፎቶውን ከፈለጋችሁ እልካለሁ፣ ጀልባው ሲነቃነቅ ነው ያነሳሁት፣ አንደኛው ግንብ ተቆርጧል።

አንባቢያችሁ፣ ከሻንጋይ