የክበባት ዘገባ፦ የፊዚክስ ክበብ እና በቅርጫት ኳስ ሜዳችን ላይ የተላከው ቁልፍ

የዘንድሮው የክበባችን ርእስ «ብርሃንን በአየር ላይ በመላክ የሚሠራ ኳንተም ምስጠራ» መሆኑን በጥቅምት ወር ለአስተባባሪዎች ስናቀርብ፣ የላቦራቶሪው ቧንቧ ሳይጠገን ኳንተም ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቧንቧውም እስካሁን አልተጠገነም። ሆኖም ርእሱን ለታይታ እንዳልመረጥነው ማስረዳት እወዳለሁ።

በኳንተም ምስጠራ ሁለት ሰዎች መልእክታቸውን የሚቆልፉበትን ምስጢራዊ ቁልፍ በነጠላ ፎቶኖች፣ ማለትም በብርሃን ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ቢለዋወጡ፣ መሐል ገብቶ የሚያነብ ሰው ፎቶኖቹን ሳያውክ ማንበብ ስለማይችል ዱካውን ትቶ ያልፋል። ቻርለስ ቤኔት እና ዢል ብራሳር ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 አቀረቡ፤ በ1989 በተሠራው የመጀመሪያ ሙከራ ግን ብርሃኑ በአየር ውስጥ የተጓዘው 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ከተማሪ ማስመሪያ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ መሣሪያው እንደሚልከው ፎቶን ዓይነት የተለያየ ድምፅ ያሰማ ስለነበር፣ ጆሮ የሰጠ ሁሉ ምስጢሩን ሊሰማ ይችል ነበር። ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ ያበረታታቸው ይህ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ርቀቱ በካናሪ ደሴቶች መካከል 144 ኪሎ ሜትር የደረሰ ሲሆን፣ በ2017 ደግሞ በቻይናው ሚሺየስ ሳተላይት አማካይነት 7,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁት ቤጂንግ እና ቪየና ቁልፍ ተጋርተዋል።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን በንባብ፣ በስሌት እና የሌዘሩን የእንጨት መደገፊያ በመሥራት አልፈዋል። በውጭ መጻሕፍት አሊስ እና ቦብ የሚባሉትን ላኪና ተቀባይ ተማሪዎቹ አበበ እና ጫላ ብለዋቸዋል። የጠላፊዋ ስም በእንግሊዝኛውም ሔዋን ስለሆነ እንዳለ ቀረ፤ ሌባዋ ለምን ሴት እንደሆነች ግን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አጥብቃ ጠይቃ አጥጋቢ መልስ አላገኘችም፤ ከእኔም ጭምር።

በመጋቢት አንድ ምሽት፣ ከ12:30 በኋላ፣ ወላጆችን አስፈቅደን በሜዳው ላይ ሙከራውን አደረግን። ላኪው በአንደኛው ቅርጫት ሥር ሆኖ የብርሃኑ ሞገድ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ከአራቱ አንዱ እንዲሆን ሌዘሩን እያዞረ ያበራል፤ ተቀባዩ በሌላኛው ዳር፣ ከተበላሸ ካልኩሌተር በተነቀለ፣ እሱም በመረጠው አቅጣጫ በሚያዞረው የፖላራይዘር ማጣሪያ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ) አማካይነት ብርሃኑ ማለፍ አለማለፉን ይመዘግባል፤ ግማሹ ብቻ ካለፈ ሳንቲም ይጥላል። ተቀባዩ በስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ቀዳዳ ካለው ካርቶን ጀርባ ስለተቀመጠ ሜዳውን አያይም። በሁለተኛው ዙር ሔዋን ምልክቱን እያነበበች መልሳ ለመላክ የራሷን ማጣሪያና ሌዘር ይዛ መሐል ላይ እንደተቀመጠች አልነገርነውም። ከላኪው ጋር አቅጣጫቸው የገጠመላቸውን 40 ምልክቶች ሲያስተያዩ 11ዱ ተሳስተው ተገኙ፤ ጠላፊ መሐል ሲገባ በስሌት የሚጠበቀው ሩብ ያህል ነው። ልጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረና ከካርቶኑ ጀርባ ተነሥቶ «መሐል ላይ ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ። በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ደስታ ያየሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

ሙከራችን ምሳሌ እንጂ እውነተኛ ኳንተም ምስጠራ አለመሆኑን አልሸሽግም፤ በአንድ የሌዘር ብልጭታ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፎቶኖች ስላሉ፣ እውነተኛ ጠላፊ ጥቂቱን ቀንሶ ማንም ሳያውቅበት ሊያነብ ይችላል። ሁለት ምሽቶች በዝናብ፣ አንዱ መብራት በመጥፋቱ ተሰርዘዋል። ከፒያሳ አቅጣጫ የሚመጣው የመንገድ ብርሃንም ንባባችንን አውኮታል፤ ሚሺየስም ቁልፍ የላከው በሌሊት መሆኑ ተማሪዎቹን አጽናንቷቸዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት የወላጅ መምህር ኅብረቱን የምንጠይቀው ሁለት የካሜራ ማቆሚያዎች፣ ጥቂት የብርሃን መለኪያዎች እና አንድ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለ ቁልፍ ያጠናው ክበብ ንብረቱን ያስቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ሥር፣ በካርቶን ውስጥ ነው።