ለጤና ቢሮው ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ፦ የእህቴ ሕመም አንድ ነው

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በር ማንኳኳት ስለሰለቸኝ ነው። ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ አመለከትኩ፤ መልስ አልመጣም። ወደ እርስዎ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። አንዴ «ደብዳቤህ ተመርቷል» አሉኝ። በሦስተኛው ለማን እንደተመራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። መዝገብ ቤት የሰጡኝ የገቢ ቁጥር አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።

ጉዳዩ የታናሽ እህቴ ነው። አስተማሪ ናት። ካቻምና አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ልቧ በኃይል ይመታ ጀመር። እጇ ደነዘዘ፤ የምትሞት መሰላት። ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት፣ ልቧ ታየና ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ታክሲ መሳፈር ፈራች። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። ኋላም ተማሪዎቿ ፊት መቆም አቃታት። ቤት ስትውል ጓደኞቿ ራቁ፣ እንቅልፏ ተዛባ፣ «እኔ ምን እረባለሁ» ማለት አመጣች። እናታችን ጸበል ወሰደቻት። እኔ ደግሞ ሆስፒታል።

መጀመሪያ ያያት ባለሙያ ካርዷ ላይ ጭንቀት ብሎ ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ ስንመለስ ሌላ ሰው ነበር፤ ዋናው ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒቱን ቀየረው። መድኃኒቱን አልቃወምም፣ እንቅልፏን መልሶላታል። በሦስተኛው ቀጠሮ እህቴ የንግግር ሕክምና ማግኘት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። «መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለይ» ተባለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣን።

ኮሪደሩ ላይ «የሥነ ልቦና ምክር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አለ። ተቆልፏል። ሳጣራ ሆስፒታሉ ሳይኮሎጂስት ቀጥሯል፤ የሚሠራው ግን ሌላ ሕንፃ ላይ ሪፖርት ማጠናቀር ነው። ሄጄ አገኘሁት። ገና ወጣት ነው። «ታካሚ ባይ እኔም ደስ ይለኛል» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። ባለሙያ የለንም ብትሉኝ እችለው ነበር። ባለሙያውም ክፍሉም እያሉ እህቴ ከተቆለፈ በር ፊት መቆሟን ግን መቻል አልቻልኩም።

ጭንቀትና ድባቴ አብረው እንደሚመጡ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። «የትኛው ይለይ» የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም። ለሁለቱም በአንድነት የሚሰጥ የሲቢቲ ሕክምና፣ ማለትም አስተሳሰብንና ድርጊትን በመለወጥ ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምና፣ አለ። በአሜሪካ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት «ዩኒፋይድ ፕሮቶኮል» የሚባለው መመሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናታቸው ዋና ሕመማቸው ጭንቀት የሆነ 223 ሰዎችን ያሳተፈ ነበር። ይህ አንድ ሕክምና ለእያንዳንዱ የጭንቀት ዓይነት ለብቻው ከተዘጋጁት ያነሰ ሆኖ አልተገኘም።

መሠረቱ ቀላል ነው። ሰው የሚያስፈራውን ሲሸሽ ለጊዜው ይቀለዋል። ያ እፎይታ ነው ፍርሃቱን የሚያሳድገው። ሽሽቱ ሲበዛ ደግሞ ሥራው፣ ወዳጁ፣ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ከእጁ ይወጣል። ድባቴው በዚያ በኩል ይገባል። እህቴ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ሕክምናው የሚይዘው ሽሽቱን ነው እንጂ ካርድ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም።

ይህን የማውቀው በወሬ አይደለም። በግል ክሊኒክ አሳከምኳት፤ አቅሜ የቻለው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሳይኮሎጂስቷ ደብተር አስያዘቻት። ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ሰውነቴ ምን ተሰማው፣ ምን አደረግኩ እያለች ጻፈች። ልቧ በኃይል እንዲመታ ሆን ብላ የፎቁን ደረጃ ሮጣ ወጣች፤ የልብ ምት እንደማይገድላት በራሷ አየች። ከዚያ ታክሲ ተራ ድረስ ሄዶ መቆም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ፌርማታ ተሳፍራ ሄደች። እያለቀሰችም እየሳቀችም ደወለችልኝ። በዚያው ወር ገንዘቤ አለቀ። ዛሬ ተመልሳ ቤት ናት።

በጀት የለም እንዳይሉኝ እለምንዎታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባል የአምስት ቀጠሮ መመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። የሚሰጡት የአእምሮ ሐኪሞች አይደሉም፤ ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። አተነፋፈስን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ ወደ ተውነው ሥራ ቀስ በቀስ መመለስን፣ ከዘመድ ወዳጅ ጋር መልሶ መቀራረብን ያስተምራል። ፓኪስታን ፔሻዋር ውስጥ በ346 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ጭንቀቱንም ድባቴውንም ቀንሷል። ፔሻዋር ከእኛ የተሻለ የተመቻት ከተማ አይደለችም። በየጤና ጣቢያው ያሉት ነርሶቻችን ይህን መማር እንዴት ያቅታቸዋል?

እሱ ጊዜ ይፈልግ ይሆናል፤ ይገባኛል። የሳይኮሎጂስቱ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። አንድ ደብዳቤ ፈርመው ከሪፖርት ክፍል ወደ ታካሚዎቹ ይመልሱት። የእህቴ ቀጣይ ቀጠሮ ጥር 12 ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዣት እመጣለሁ። ያ በር ተከፍቶ፣ ልጁም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማግኘት እፈልጋለሁ።

የታካሚዋ ታላቅ ወንድም