የምስጋና መልእክት፦ በእናታችን ሕመምና ዕረፍት ጊዜ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ

ውድ እናታችን በኩላሊት ሕመም ምክንያት ለረጅም ጊዜ በሐኪምም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዘመናቸውን ሙሉ ባስቀደሱበትና በሰንበቴ ማኅበርተኝነት ባገለገሉበት ደብር ተፈጽሟል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁልን፣ በዕረፍታቸው ቀን ፈጥናችሁ ለደረሳችሁልን፣ ከቀብሩም በኋላ በድንኳናችን ውላችሁ አምሽታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ በአባታችን፣ በእኛ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

እንዲህ ያለ መልእክት ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። እኛ ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ የተነሣነው፣ ለቅሶ ከደረሱን ሰዎች መካከል ብዙዎቹን ከዚያ ቀን በፊት አይተናቸው ስለማናውቅ ነው። አንዲት እናት ከደብረ ብርሃን መጥተው «የግሸንን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እጄን ይዘው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው» እያሉ ሲያለቅሱ፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት ደግሞ ላሊበላ ላይ በገና ሌሊት ብርድ ሲያንቀጠቅጠው እናታችን ጋቢያቸውን አውልቀው እንዳለበሱት፣ ሲነጋም ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ አብረው ቆመው እንዳዩ ነገረን። እናታችን ከቤት እየወጡ በሄዱባቸው ዓመታት ያፈሩትን ቤተ ዘመድ እኛ ያወቅነው በለቅሷቸው ነው። ስለዚህ እናንተን ስናመሰግን፣ ማንን እንዳስታመማችሁልንና ማንን እንደሸኛችሁልን በጥቂቱ መናገር ይገባናል ብለን አምነናል።

እናታችን ከመንገድ ጋር የተዋወቁት በስለት ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ክፉኛ ታመው፣ አያታችን «ልጄን ብትምርልኝ በእግሯ አቁሜ ደጅህን አስስማታለሁ» ብለው ለቁሉቢ ገብርኤል ተሳሉ። ስለታቸው ሰምሮ ልጅቱ ስታድግ፣ በታኅሣሥ 19 በዓል ከለገሃር በባቡር ተሳፍረው ድሬዳዋ ወረዱ፤ ከዚያም ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር በጭነት መኪና ተጭነው ዳገቱን ወጡ። እናታችን ይህን ጉዞ ሲተርኩልን ሁልጊዜ የሚጀምሩት ባቡሩ አዋሽን ሲሻገር በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ካዩት ገደል ነበር፤ እናታቸው በቀሚሳቸው ጎትተው እስኪያስገቧቸው ድረስ ከታች የሚሄደውን ውኃ ፈዘው አይተውታል። ቀጥለው ደግሞ ራስ መኰንን ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከባድ ድንጋይ ተሸክመው ስለታቸውን የሚያደርሱትን ምእመናን ያነሡልን ነበር። ገደሉም ድንጋዩም በአንድ ትረካ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። እናታችን ሀገር ማየትን ከመሳለም ለይተው አያውቁትም፤ ሁለቱም ለእርሳቸው እግዚአብሔር የሠራውን ማድነቅ ነበሩ።

ትዳር ከያዙና እኛን ከወለዱ በኋላም ይህ አልቀረም። ኅዳር 21 ሲደርስ አክሱም ጽዮን፣ መጋቢት 5 ሲሆን ዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ መስከረም 21 ደግሞ ግሸን ማርያም ነበሩ። ጣና ላይ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ለመሳለም በጀልባ ሲሻገሩ ማዕበል ተነሥቶ ሌላው ሰው ሲጨነቅ፣ እርሳቸው ውዳሴ ማርያማቸውን ደግመው ሲጨርሱ «ይኸው ደረስን» ማለታቸውን አብረዋቸው የነበሩት እስከ ዛሬ ያወሩታል። የዝቋላን ተራራ፣ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ከፍታ፣ ጉልበታቸው እስከፈቀደላቸው ዓመት ድረስ በእግራቸው እንጂ በመኪና አልወጡትም፤ ከላይ ደርሰው ሐይቁን ሳያዩና ከጠበሉ ሳይቀምሱ እህል አይቀምሱም ነበር።

እዚህ ላይ አባታችንን በአደባባይ ልናመሰግናቸው እንወዳለን። አባታችን ቤታቸውን የሚወዱ፣ ረጅም መንገድ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን አንዲት ባለትዳር ልጆቿን ቤት ትታ ለሳምንት ስትሄድ የማይናገር አልነበረም፤ ዘመድ ተሰብስቦ «ሚስትህን እንዴት ትለቃታለህ?» ሲላቸው፣ አባታችን «እርሷ ስለ ሁላችን ልትለምን ሄዳለች፤ ልጆቹን እኔ አያለሁ» ብለው መለሱ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተነሥቶ አያውቅም። ምሳችንን የሠሩልን፣ ደብተራችንን ያዩልን፣ በየማታው ለእናታችን በሰላም መመለስ ጸሎት ያስደረጉን እርሳቸው ናቸው። ለብዙ ሰው ደጋግ ሥራ የሠሩት የእናታችን እግሮች ከቤት የወጡት በአባታችን በጎ ፈቃድ ነው።

አባታችን አብረዋቸው ሩቅ የተጓዙት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ነው። በቅዳም ሥዑር ምሽት፣ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በሚገኘው በገዳማችን በዴር ሡልጣን፣ አባቶች ከበሮ እየመቱ፣ ጥላ ዘርግተውና ጧፍ ይዘው ጉልላቱን ሲዞሩ ሕዝቡ እጅግ ብዙ ስለነበር፣ እናታችን የነጠላቸውን ጫፍ ከአባታችን ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። አባታችን ይህን ለልጅ ልጆቻቸው ሲናገሩ «እንዳልጠፋባት ቋጠረችኝ» ይላሉ። በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ የተናገሩትም ይህንኑ ነበር።

እናታችን ደፋር ነበሩ፤ ድፍረታቸው ግን ልክ ያውቅ ነበር። ትግራይ ውስጥ ገርዓልታ ላይ ወደሚገኘው ወደ አቡነ ይምዓታ ሲወጡ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከቀጥ ያለ የአለት ዓምድ አናት አጠገብ የተፈለፈለ ነው፤ ጫማ ተወልቆ፣ በአለቱ ላይ የተቦረቦሩ ትንንሽ ጉድጓዶች በእጅና በእግር ጣት እየተያዙ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይም ከሥሩ ገደል ባለው ጠባብ ጠርዝ ይታለፋል። የአካባቢው ወጣቶች ተረከዛቸውን በእጃቸው ይዘው ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እያስረገጡ አወጧቸው። እናታችን የእነዚያን ልጆች ስም ጠይቀው ይዘው ነበርና፣ በኋላ ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ማታ ማታ ስማቸውን እየጠሩ ሲጸልዩላቸው እንሰማ ነበር። የትም ብትሆኑ፣ እናታችንን ወጥተው በደኅና እንዲወርዱ ያደረጋችሁ ወጣቶች፣ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

በዚያው ጉዞ ደብረ ዳሞ ደረሱ። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው በጠፍር ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ ሴት እንድትወጣ አይፈቅድም። ያን ከባድ አለት ወጥተው የመጡት እናታችን እዚህ አንዲት ቃል አልተናገሩም። አብሯቸው የሄደውን የበኩር የልጅ ልጃቸውን ወገቡን በጠፍር ሲያስሩት ቆመው አዩ፤ ያመጡትን ዕጣንና ጧፍ በነጠላቸው ጠቅልለው አስያዙት፤ እርሱ ከላይ ሆኖ እስኪጣራ ድረስም ከታች ሲሰግዱ ቆዩ። ልጁ ሲወርድ ያየውን ሁሉ፣ የበሩን እንጨት ሥራ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ አስነገሩት። ይህ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ሃይማኖቱን ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ የሚናገረው የዚያን ቀን ነው።

ከቤት ሲነሡ ዝግጅታቸው ትንሽ ነበር፦ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ የጠበል ጀሪካን፣ ጋቢ፣ መቋሚያ፣ እና አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ደብተሩ ላይ «ስሜን አስጠሪልኝ» ያሏቸው ሰዎች ስመ ክርስትና ተጽፏል፤ በየገዳሙ ለአባቶች ሰጥተው በጸሎት ያሳስባሉ፤ ሲመለሱም ለእያንዳንዱ ሰው እምነትና ጠበሉን ቤቱ ድረስ ያደርሳሉ። የመጨረሻውን ደብተር ስንገልጠው የብዙዎቻችሁን ስም አግኝተናል። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤታችን ስመ ክርስትና ስለሌላቸው፣ በእርሳቸው ተራ ላይ «የፊት ለፊቷ እናት፤ ልጇ ከዐረብ ሀገር በሰላም እንድትገባላት» ይላል። ልጅቱ በሰላም ገብታለች፤ በለቅሷችንም ከእናቷ ጋር ቡና ስታፈላና እንግዳ ስታስተናግድ ሰንብታለች። ለእነርሱ ያለንን ምስጋና የምንገልጽበት ቃል ያጥረናል።

ሕመማቸው ሲጠና በሳምንት 3 ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸው ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ በታክሲው ወስዶ የሚመልሳቸውና ገንዘብ ስንሰጠው «እሳቸው ለልጄ ክርስትና የጸለዩትን አልከፈልኩም» እያለ የሚመልስልን የሰፈራችን ልጅ፣ እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት። ያከሟቸው ሐኪሞች፣ በተለይም ደም ሥራቸው አልገኝ ሲል ደጋግመው ከመውጋት ይልቅ እጃቸውን በሞቀ ውኃ እያሻሹ በትዕግሥት ይጠብቁ የነበሩት ነርሶች፣ ደም የለገሳችሁ ወዳጆች፣ ለሕክምናው ወጪ ካላችሁ ላይ ያካፈላችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። እናታችን በዐቢይ ጾም ካልጾምኩ ብለው በተቸገርን ጊዜ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው «የታመመ ሰው ጾሙ ትዕግሥቱ ነው፤ መድኃኒትዎን በምግብ ይውሰዱ» ብለው ያሳመኗቸውን የንስሐ አባታቸውን ጉልበት ስመን እናመሰግናለን። በወንበር ተሸክማችሁ ቤተ ክርስቲያን አድርሳችሁ ሥጋ ወደሙን እንዲቀበሉ ያደረጋችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ለእናታችን የመጨረሻውን መንገድ ያሳለፋችኋቸው እናንተ ናችሁ።

በዕረፍታቸው ዕለት ጡሩምባው ሳይነፋ ድንኳን የጣላችሁልን የእድራችን አባላት፣ እንጀራ ጋግራችሁ፣ ውኃ ቀድታችሁ፣ ንፍሮ ቀቅላችሁ የእኛን እጅ ሥራ ያላስነካችሁ የሴቶች እድርና የጽዋ ማኅበር እኅቶቻቸው፣ ፍትሐቱን ያደረሳችሁ የደብራችን ካህናትና ዲያቆናት፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስዳችሁ የዋላችሁ ባልደረቦቻችን፣ ሁላችሁም ውለታችሁ አለብን። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው እኅታችን ለቀብሩ መድረስ ባልቻለች ጊዜ ቤቷ ተሰብስባችሁ ለቅሶ የተቀመጣችሁላትና በአጥቢያችሁ ጸሎተ ፍትሐት ያስደረጋችሁ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም ከእስራኤልና ከዱባይ ስልክ እየደወላችሁ አባታችንን ያጽናናችሁ ዘመዶቻችን፣ እኅታችንን ብቻዋን ስላላስለቀሳችሁና አባታችንን ስላልረሳችሁ እናመሰግናችኋለን። በስም ለመዘርዘር ብንነሣ ከእናንተ የሚቀር እንዳይኖርና ቅር እንዳናሰኝ በማለት ስም አልጠቀስንም።

የ40 ቀን መታሰቢያ ጸሎታቸው በተቀበሩበት ደብር ይደረጋል፤ የሚመቻችሁ ሁሉ በቅዳሴው ሰዓት ብትገኙልን ደስ ይለናል። ከእናታችን ጋር የተጓዛችሁ ወዳጆች በየመንገዱ ያነሣችኋቸው ፎቶግራፎች ካሏችሁ፣ ትንንሾቹ የልጅ ልጆቻቸው አያታቸው የደረሱበትን እንዲያውቁ እየያዛችሁ ብትመጡልን ትልቅ ስጦታ ይሆንልናል። በመጨረሻው ደብተር ላይ ስማችሁ የተጻፈም አትሥጉ፤ አደራውን ተቀብለናል። በመጪው መስከረም 21 ግሸን ይዘነው እንወጣለን፤ አባታችንም «አብሬያችሁ እሄዳለሁ» ብለውናል። ከእኛ ጋር ለመጓዝ የምትፈልጉ በ40ው ቀን ንገሩን፤ መኪናውን በአንድ ላይ እንከራያለን።

እግዚአብሔር ክፉ አያሳያችሁ፤ ብድራችሁን በደስታ ያድርግልን።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው