የትምህርት ጉዳይ ተወካይ ምርጫ፦ ለ3ኛ ዓመት ተማሪዎች

ውድ የክፍላችን ተማሪዎች፣

የትምህርት ጉዳይ ተወካዮቻችንን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ የምንመርጠው በመጪው ሐሙስ ከቀኑ በ10፡00 ሰዓት በ6 ኪሎ ግቢ፣ ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ሁላችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ተወካይ ማስታወቂያ አስተላላፊ ብቻ አይደለም፤ የፈተና ቀኖች ሲደራረቡ፣ የተከታታይ ምዘና ውጤት ሲዘገይ ወይም የኮርሱ ይዘት ሳይሸፈን ሲቀር፣ የሁላችንንም ሐሳብ በጽሑፍ አደራጅቶ በመጀመሪያ ለመምህሩ፣ መፍትሔ ካልተገኘም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሚያቀርብና የተሰጠውን ምላሽ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚነግረን ሰው ነው። ስለዚህ እኔ በበኩሌ ከከፍተኛ ውጤት ይልቅ ትዕግሥትንና ታማኝነትን አስቀድማለሁ።

ለመወዳደር የምትፈልጉ እስከ ማክሰኞ ማታ ስማችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ መገኘት የማትችሉም እዚሁ አሳውቁን።