ሩት ማናት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ናችሁ? የቴክኖሎጂ ገፃችሁ ላይ «አንድ ሶፍትዌር ላይ እነማን እንደሰሩ ማወቅ ቀላል ነው፣ ጊት ላይ አንዲት ትእዛዝ መፃፍ ብቻ ነው» የሚል ነገር አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱም እኔ በዛችው ትእዛዝ ጉድ የሆንኩ ሰው ነኝ።

ትእዛዟ በርግጥ አለች። ጊት ማለት ኮድ ላይ ማን ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፣ እያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ ደግሞ ኮሚት ይባላል። ጊት ሾርትሎግ ትባላለች፣ ሰረዝ አርጋችሁ ኤስ ኤን ኢ ከጨመራችሁባት ስምና ኢሜይሉን ከኮሚት ብዛት ጋር፣ ብዙ ካለው ጀምራ ደርድራ ታወጣለች። አዲስ ቨርዥን ልናወጣ ስንል የምስጋና ገፅ ይኑረን ተባለና ስራው ለኔ ደረሰኝ። ትእዛዟን መታሁ፣ የወጣውን ኮፒ አረግኩ፣ ስሞቹን በአማርኛ ፊደል ገለበጥኩና ለጠፍኩ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በነጋታው አንድ የስራ ባልደረባዬ ደውሎ «ስማ፣ ሩት ማናት?» አለኝ።

61 ኮሚት ያላት፣ ሶስተኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠች፣ የአባት ስም የሌላት ሩት። ለካ ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ እየገባን፣ ስማችንን ሳናስተካክል የነካካነው ሁሉ በማሽኑ ዋና አካውንት ስም ነው የተመዘገበው፣ እሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሩት (root) ይባላል። እኔም «ለእህታችን ሩት» ብዬ አመስግኛታለሁ። እስካሁን ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ሌላው ልጅ ደግሞ ሶስት ቦታ ወጥቷል፣ አንዴ በስራ ኢሜይሉ፣ አንዴ በግሉ፣ አንዴ ላፕቶፕ ሲቀይር ስሙን በቅፅል ስም ሞልቶት። ጊት መታወቂያ አሳዩኝ አይልም፣ ኮሚቱ ላይ የተፃፈውን ስምና ኢሜይል ይይዛል በቃ። ለዚህ እንኳን መድሃኒት አለው፣ ከፊቷ ነጥብ ያላት ሜልማፕ የምትባል ፋይል ሪፖው ውስጥ፣ ማለትም ኮዱ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማህደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ትክክለኛውን ስምና ኢሜይል ትፅፉና ከጎኑ የድሮውን ኢሜይል ትፅፋላችሁ፣ ሾርትሎግ እሷን አይቶ ያዋህዳቸዋል፣ ታሪኩ ራሱ አይነካም። ልጁ ሲዋሃድ ከአምስተኛ አንደኛ ወጣ፣ አስቡት።

እኔን የቆጠቆጠኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ልጅ አለች፣ ወራት ሙሉ ስህተት እየፈለገች ማስተካከያውን በኢሜይል ትልክልኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ኮዱን ከኢሜይሉ ቀድቼ ለጥፌ ኮሚት አረጋለሁ፣ በኔ ስም። ዝርዝሩ ላይ እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ እሷ የለችም። የሚያናድደው ደግሞ ጊት ይሄን ያውቃል፣ ማን ፃፈው የሚለውንና ማን አስገባው የሚለውን ለየብቻ ነው የሚይዘው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው ለሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ለሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ስራ ነበር፣ እዛ ደግሞ አንዱ በኢሜይል ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ይልካል፣ ሌላው ያስገባል። ጊት ኤኤም በሚባለው ትእዛዝ ባስገባው የላኪዋ ስም እንዳለ ይቀመጥ ነበር፣ ወይ ኮሚት ሳደርግ ኦተር (ፀሃፊ) ብዬ ስሟን መፃፍ እችል ነበር። ሰነፍኩ። ገፁን አይታ የላከችልኝ መልእክት «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። አላችሁ ነው ያለችው፣ አለን አላለችም። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደሞ ሁለት ሰው አብሮ ሰርቶ ኮሚቱ ስር «ኮኦተርድ ባይ» (አብሮ የፃፈው) ተብሎ የተፃፈውን ሁለተኛ ሰው ሾርትሎግ ዝም ብሎ አይቆጥረውም፣ ግሩፕ የሚል አማራጭ ሲጨመርለት ነው የሚቆጥረው፣ እሱም ከጊት ቨርዥን 2.29 ወዲህ የመጣ ነው። ሰው የጊት ኮዱን የሚያስቀምጥበት ጊትሀብ የሚባለው ድረገፅ ላይ የሚታየውም የሰሪዎች ግራፍ የመጀመሪያዎቹን 100 ሰዎች ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ያውም ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅርንጫፍ) ላይ ያለውን። ሪፖውን የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ አርጋችሁ ካወረዳችሁትማ ዝርዝሩ የአንድ ሰው ስም ነው፣ እንዳትደነግጡ።

የሰው ኮድ የሚገመግመው፣ የሚሞክረው፣ የሚተረጉመው፣ «ይሄ ነገር አይሰራም» ብሎ ከነምክንያቱ የሚፅፈው፣ እነሱ አንድም ኮሚት ላይኖራቸው ይችላል። ይሄን ትእዛዝ አያወጣውም፣ ሰው መጠየቅ ነው። እኔ ሁለት ማታ ተቀምጬ የድሮ ኢሜይሎቼን አንድ በአንድ ከፍቼ ነው ስም የለቀምኩት፣ ያለፈውን ኮሚት ማስተካከል ደግሞ ከዛ በኋላ ያለውን ታሪክ በሙሉ መቀየር ስለሆነ ተውነውና በእጃችን የተፃፈ የሰሪዎች ፋይል ሪፖው ውስጥ አስገባን። የልጅቷ ስም ከኔ በላይ ነው።

ስለዚ አዘጋጆች፣ ፅሁፉን አርሙልን፣ ቢያንስ «ከዛ ሰዎቹን ጠይቁ» የምትል አንድ መስመር ጨምሩበት። ሩትን ከገፁ አንስቻታለሁ፣ 61ዱ ኮሚት የማን የማን እንደሆነ ግን እስካሁን ተከፋፍለን አልጨረስንም።

አንባቢያችሁ