እማዬ፣ ባሕር የምገባው ብቻዬን አይደለም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ዘጌ
ከዶቨር፣ እንግሊዝ አገር፣ የካቲት ወር

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው እንደምታውቂው ነው፣ አረጋውያኑን እየተንከባከብኩ ነው።

ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል። «ልጅሽ በዚህ ብርድ ባሕር ትገባለች» የሚል ወሬ ሰምተሽ እህል ሳትቀምሺ ዋልሽ አሉ። በስልክ ላስረዳሽ ብል መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። አንተም ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ አንብብላት። የሚያስደነግጥ ነገር ስታገኝ እንዳትዘልላት። ሁሉንም ትስማው።

እውነት ነው እማዬ፣ እገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እሱን አልነካውም።

ለምን ፈራሽ አልልሽም። የጎረቤታችን ልጅ ጣና ውስጥ የቀረበት ቀን እኔም ትዝ ይለኛል። ልብስ እያጠብን ነበር። ወንዶቹ ልጆች ሲዋኙ ውለው ወጡ፣ ልብሳቸውን ለበሱ፣ ሄዱ። አንዱ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲቀር ነው ሰው የባነነው። ከዚያ ቀን በኋላ እኔን ከቁርጭምጭሚት በላይ ውኃ አላስነካሽኝም። አባዬ ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ሲሄድ እንኳ እስኪመለስ ድረስ ደጅ ደጁን ታዪ ነበር። እና ዋና ሳላውቅ ነው አድጌ እዚህ የመጣሁት።

ዋና እንድማር የገፋፋችኝ የምንከባከባት አንዲት አሮጊት ናት። አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር ነው፣ ባሕሩ ይታያታል። በወጣትነቷ ዋናተኛ ነበረች። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ስመላለስ አይታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ያስፈልግሻል፣ እዚያ ሂጂ» ብላ ባሕሩ ዳር ጠጠሩ ላይ ለዋና የተሰበሰቡትን ሰዎች በጣቷ አሳየችኝ። ሄድኩ። ዋና አልችልም ስላቸው አልሳቁብኝም። በበጋ፣ ውኃው 17 እና 18 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከዳር ይዘው አስጀመሩኝ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መዋኘት አይደለም፣ በጀርባ ተኝቶ መንሳፈፍ ነው። ጨው ያለበት ውኃ ከጣና ውኃ ይልቅ ሰውን ያነሳል። እሱም ረዳኝ።

ልብስሽስ ትዪኛለሽ። ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚሸፍን ወፍራም የዋና ልብስ አለኝ። ስቀይርም ሰፊ ካባ ደርቤ ከውስጡ ነው። በዚህ አትጨነቂ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ከመግባታችን በፊት አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ደብተር ይዛ ዳር ላይ ትቆማለች። የሚገባውን ሰው ሁሉ ስም ትጽፋለች። ስንወጣ በየተራ ትሰርዛለች። ያልተሰረዘ ስም ካለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዝናብም ይሁን ነፋስ፣ ሁሉም እዚያው ቆሞ ባሕሩን ያያል። ለዚህ ነው ሁላችንም ደማቅ ቆብ የምናደርገው፣ ወገባችን ላይም ብርቱካናማ ተንሳፋፊ የምናስረው። ግራጫ ባሕር ላይ የሰው ጭንቅላት ከሩቅ አይለይም።

ባሕሩ እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጣና በዓመት አንዴ በክረምቱ ዝናብ ነው የሚሞላው፣ ይኼኛው ግን በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይቀየራል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሙላቱና ጉድለቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግር ሰንጠረዥ አለ። እሱን ሳያዩ መግባት ክልክል ነው። ደብተር ያዧ «ዛሬ አይሆንም» ካለች አይሆንም። የመጣነው ሁሉ ሻያችንን ጠጥተን እንበተናለን።

ብርዱን አልደብቅሽም። በየካቲት ውኃው 7 ወይም 8 ዲግሪ ነው። ሲነካሽ ትንፋሽ በራሱ ይቆራረጣል፣ ልብም ይደልቃል። ብዙ ሰው የሚሞተው በዚያች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ደንግጦ ውኃ ስለሚውጥ ነው። ስለዚህ ዘለን አንገባም። ቀስ ብለን፣ እያወራን፣ ትንፋሻችንን ወደ ውጭ እየለቀቅን እንገባለን። በዚህ ወር እኔ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ እወጣለሁ። ጎበዝ ነኝ ብሎ መቆየት እዚህ አያስከብርም።

የሚገርመው ብርዱ የሚብሰው ከወጣሽ በኋላ ነው። የውስጥ ሙቀት ከውኃ ወጥተሽም ለጥቂት ደቂቃ መውረዱን አይተውም። ጣቶቼ ይደርቃሉ፣ አዝራር መቆለፍ ያቅተኛል። ደብተር ያዧ ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ትከትና ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ የጫማዬን ክር ታስርልኛለች። የሰባ ምናምን ዓመት ሴት ናት። መጀመሪያ ሰሞን እግሬን ልነጥቃት እታገል ነበር፣ ነውር መስሎኝ። «ዝም በይ፣ ነገ ደግሞ አንቺ ለሌላ ታስሪያለሽ» አለችኝ። አሁን እኔም ለአዲስ ሰዎች አስራለሁ። ሌላው የሱፍ ኮፍያ ጭንቅላቴ ላይ ይደፋል፣ ሌላው ከፔርሙስ ትኩስ ሻይ ይቀዳልኛል። ወዲያው የፈላ ሻወር መግባት አይፈቀድም፣ ራስ ያዞራል፣ ይጥላል።

አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰባት ሰዓት አካባቢ በሬ ተንኳኳ። አብረውኝ ከሚዋኙት ሁለቱ ናቸው፣ ሾርባ ይዘው። «ስምሽ ሳይጻፍ ሲቀር አሰብን» አሉኝ። እማዬ፣ እዚህ አገር ስንት ጊዜ ታምሜ ማንም ሳያውቅ እንደዳንኩ አንቺ አታውቂም። ነግሬሽም አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ለእኔ እንደ እድር ናቸው። ቤቴን ያውቃሉ፣ ስቀር ይፈልጉኛል።

ጾሜንም ያውቃሉ። ከዋና በኋላ ኬክ መቁረስ ልማዳቸው ነው። አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ እምቢ ስላቸው ምክንያቱን ጠየቁ፣ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደብ ላይ የሚሠራው ሰውዬ ያለ ቅቤ ያለ እንቁላል የጋገረውን ይዞ መጣ። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ያንኑ በላ። ዘንድሮም ጾሙ መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ ጠይቆኛል።

ይኼ ባሕር እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለያይ ነው። ጠባብ በሆነበት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሰማዩ ሲጠራ ማዶው ይታያል። ዋኝተው የሚሻገሩት ሰዎች አሉ። ካፒቴን ማቲው ዌብ የሚባል ሰው በ1875 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከዶቨር ተነስቶ 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ዋኝቶ ተሻገረ። በ1926 ደግሞ ገርትሩድ ኤደርል የምትባል የ20 ዓመት አሜሪካዊት ከፈረንሳይ በኩል ተነስታ ተሻገረች፣ ከእሷ በፊት ከተሻገሩት ወንዶች ሁሉ ፈጥና። የእሷን ታሪክ ሳነብ ልጅነቴ ላይ ተናደድኩ። እኛ ሴቶቹ ምነው ዳር ቀረን?

ግን በዚሁ ባሕር በጎማ ጀልባ ሊሻገሩ ሲሉ የሚያልቁም አሉ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ቢያንስ 27 ሰው አለቀ። የአገራችን ሰውም ነበረበት። እኔ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፣ ይህን ታውቂያለሽ። ቢሆንም ውኃው ውስጥ ሆኜ ወደ ማዶ ሳይ እነሱ ከልቤ አይወጡም። ስንት ሆነው እንደተነሱ፣ ስንት እንደቀሩ ዳር ሆኖ የሚቆጥርላቸው ሰው አልነበረም። ሻማ ባበራሽ ቁጥር ለእነሱም አብሪልኝ።

አንተ ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለአንተ ነው። ልጆችህ ጣና መግባት ጀምረዋል ብለኸኛል። አትከልክላቸው። ብትከለክላቸው ተደብቀው ይገባሉ፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ። የሰፈሩን ልጆች ሰብስብና ሰዓት ወስንላቸው። አንድ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ ዳር ይቁም፣ ሲገቡ ይቁጠር፣ ሲወጡ ይቁጠር። ስልክ እያየ ሳይሆን እነሱን እያየ። ጉማሬ ስለማይታመን ማለዳና ማምሻ አይሁን፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳም አይሁን። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ድርሽ እንዳይሉ። ደንገል ውስጥ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ ስለሚያመጣ ከቄጤማው ይራቁ፣ ጤና ጣቢያ ወስደህም አስመርምራቸው።

መጀመሪያ መንሳፈፍ አስተምራቸው። ድንገት ውኃ ቢውጣቸው እንዳይታገሉ። በጀርባ ይተኙ፣ ጆሯቸው ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይንሳፈፉ። እዚህ ያሉት የነፍስ አድን ጀልባዎች ሰዎች ለሁሉም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ድርጅታቸው ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረው ሕዝቡ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው፣ በጀልባው የሚወጡትም አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ጀልባ የላችሁም፣ ታንኳ ግን አላችሁ። አንዱ ቅርብ ይሁን። ባዶ ጄሪካን ክዳኑን አጥብቀህ ረጅም ገመድ እሰርበትና ዳር ላይ አስቀምጥ። ሰው ሲሰምጥ ዘሎ መግባት ሁለት ሬሳ ያመጣል። ጄሪካኑን ወርውሩና ሳቡት። ሴቶቹንም ልጆች አስገባ። የትልቋን ነገር አደራ፣ ዳር ቁጭ ብላ እንዳትቀር።

እማዬ፣ በመጨረሻ የቡናው ነገር። አምና የላክሽልኝን የዘጌ ቡና ቆልቼ አፍልቼ በፔርሙስ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻይ ስቀዳ ቅር ይላቸዋል። ደብተር ያዧማ «እናትሽ መቼ ነው የምትልከው?» እያለች በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። የሚመጣ ሰው ከተገኘ ሁለት ኪሎ ጥሬውን ላኪልኝ፣ መቁላቱን እኔ አላጣውም። ለጉልበትሽ የሚሆን ገንዘብ በወንድሜ ስም ልኬያለሁ። ባሕር ዳር ሄደሽ ታይ፣ ለሌላ ነገር እንዳታውዪው። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ